ከጀንፈል ሥር የሰማሁት ባሕር

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ስሜን ብቻ ነው፤ እሱንም ፈርሚ ስባል። ይህንን የምጽፈው ታናሽ እህቴ ካልጨረሰችው ደብተር ላይ ነው። ስህተቴን የምታርምልኝም እሷ ናት። ስታነብ አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ ቀና ብላ እንደምታየኝ አውቃለሁ። ለቤተሰቤም ቢሆን ተናግሬው አላውቅምና። እዚያ ስንደርስ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሊሙ ገነት ነበር። እናትና አባቴ ቡና ለመልቀም ከዳውሮ መጥተው እዚያው የቀሩ የጸሎት ቤት ሰዎች ናቸው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። በግርግሩ ጊዜ ተዘግቶ የነበረ አንድ የቡና መፈልፈያ እንደገና ሲከፈት የሰፈራችን ሴቶች ሁሉ እዚያ ገቡ፤ እኔም ገባሁ። ከማሽኑ የወጣውን ቡና በሰፌድ ይዘን መሬት ላይ በረድፍ እንቀመጥና የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለቀምን እናወጣለን። የሌሎቹ እጅ ይሠራል፣ አፋቸውም ይሠራል። የእኔ እጄ ብቻ ነበር የሚሠራው።

ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ ምራቄ ይደርቃል። ከሁሉ የሚከፋብኝ ሰው ፊት መብላት ነው፤ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ለምሳ ማሽኑ ሲቆም የምሳ ዕቃዬን ይዤ ወደ መጋዘኑ እጠፋለሁ። ሰፌዴንም አልተውም፣ ጥሩ ሰፌድ ጥሎ የሄደ ሰው ሲመለስ አያገኘውም። አጠገቤ የምትቀመጠው እትዬ ብርቄ ስነሳ ታየኝና፣

«ሙሽሪት ልትበላ ሄደች! ሚዜ አትፈልጊም?» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ። ሙሽራ ሰው ፊት አትበላም ለማለት ነው። ክፋት የላትም፤ እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ እቀላለሁ።

ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ስማችንን እየተናገርን ነው የምንገባው። ዘበኛው ጋሽ ኃይሌ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ምልክቱን አድርገው ከጨረሱ በኋላ፣

«አልሰማሁሽም። ጮክ በይ» ይሉኛል።

«አስቴር» እላለሁ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«አስቴር ነው ያልሽው ወይስ ትንኝ ናት ያለፈችው?»

ይህ በየቀኑ ነው። ጋሽ ኃይሌ የመንዝ ሰው ናቸው። በጎልማሳነታቸው አፋር በረሃ ውስጥ ድንጋይ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ድንኳን ሲተክሉና ዕቃ ሲሸከሙ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ከዚያ ሁሉ የቀራቸው የልጅ ጡጫ የምታህል አንዲት ነጭ ድንጋይ ናት። ንፋስ መዝገቡን እንዳይገልጠው ይጭኗታል፣ ከበሩ ሲነሱ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ይከቷታል። እትዬ ብርቄ «የጋሽ ኃይሌ ሚስት» ትላታለች። እኔ ተረከዝ መፈግፈጊያ ነበር የመሰለችኝ።

አሁን ስለ መጋዘኑ ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ጆንያ ከቆርቆሮ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አይደረደርም። ቆርቆሮው ሌሊት ያልበውና ቡናውን ያሻግተዋል። ስለዚህ በጆንያው ክምርና በግድግዳው መካከል ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል። የእኛው መግቢያው በአንድ በኩል ብቻ ነበር፤ መጨረሻው ጥግ ላይ ይዘጋል። በዚያ ዓመት ምርቱ በዝቶ ጆንያ አልበቃ አለ። ሠራተኞቹ ጥጉን ቡና በሞላ ጆንያ እንደ ግድግዳ አጠሩትና ከአጥሩ ጀርባ ጀንፈሉን፣ ማለት ከነቅርፊቱ የደረቀውን ገና ያልተፈለፈለውን ቡና፣ እስከ ጣሪያው ድረስ ዝም ብለው ደፉት። እኔ ምሳዬን የምበላው ጀርባዬን ለዚያ አጥር ሰጥቼ ነው። እዚያ መሆኔን የሚያውቁት ጋሽ ኃይሌ ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን አይተውኛል፣ ግን ለማንም አልተናገሩም።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የጭነት መኪና መጣ። የሚጫነው ቡና ከክምሩ ሥር ነበር። ጆንያ የሚወርደው ከላይ ነው፤ ይህንን ጫኝ ሁሉ ያውቃል። መኪናው ግን ቸኩሏል፤ ጫኞቹም ከሥር እየነጠቁ ማውጣት ጀመሩ። እኔ ከክምሩ ጀርባ ሆኜ ምንም አላየሁም። ጋሽ ኃይሌ ወደ ክፍተቱ አንገታቸውን ሲያስገቡ ብቻ ነው ቀና ያልኩት።

«አስቴር፣ ተነሺ ውጪ። እነዚህ እብዶች ከሥር መሳብ ጀምረዋል።»

አፌ ሙሉ ነበር። አፌ ሞልቶ ሰው ስላየኝ አፈርኩ። ፊቴን ወደ ቆርቆሮው አዞርኩና ቶሎ ቶሎ ማላመጥ ጀመርኩ።

«ኧረ እየወጣሽ ዋጪው!» አሉና እጄን ሊይዙ በጎናቸው ገቡ። ሦስት እርምጃ ያህል እንደገቡ ከበላያችን አንድ ነገር እንደ ትልቅ እንስሳ ሲተነፍስ ሰማሁ። ከዚያ ጨለመ።

የወደቀው በአንድ ጊዜ አይደለም። ጆንያዎቹ መጀመሪያ መግቢያውን ዘጉት፣ ቀጥሎ ጋሽ ኃይሌ ላይ ወደቁ፤ የቀሩት ቆርቆሮው ላይ ተደግፈው ከበላዬ እንደ ጎጆ ጣሪያ ቆሙ። አቧራው ሲረጋ ብርሃን የሚገባው ከቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች ብቻ ነበር። ቀዳዳዎቹ በሦስት ረድፍ ናቸው፤ አንዱ ጉልበቴ ጋ፣ አንዱ ደረቴ ጋ፣ አንዱ ከራሴ በላይ። የቀትር ፀሐይ በእነሱ እንደ ክር እየቀጠነ ይገባል። ጋሽ ኃይሌ ጀርባቸው ቆርቆሮው ላይ እንዳለ ተቀምጠዋል፤ ከወገባቸው በታች ጆንያ ነው። ዓይናቸው ተከድኗል።

የካቦውን የጀማልን ድምፅ ሰማሁ፤ ከጆንያው ወዲያ፣ በጣም ቅርብ።

«ነምኒ ጅራ? እዚያ ሰው አለ?»

እህቴ፣ ቦታው ይሄ ነው።

ሰማሁት። ማሽኑ ቆሟል፤ አንድ ጊዜ «አቤት» ብል ይሰማኝ ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ግን ቀሚሴ እስከ ጭኔ ተቀዷል። ጨለማ ቦታ ውስጥ፣ ሰው በማያውቀው ጥግ፣ ከአንድ ወንድ ጋር ነኝ። ጆንያው ተነስቶ ሴቶቹ ሁሉ ቆመው ሲያዩኝ ታየኝ። እትዬ ብርቄ ምን ትላለች? ጸሎት ቤት ምን ይባላል? አባቴ ምን ይላል? ይህንን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እስኪተነፍስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቀሚሴን ላስተካክልና እመልሳለሁ አልኩ።

«ማንም የለም፣ ሴቶቹ ምሳ ላይ ናቸው» አለ አንድ ጫኝ።

«አልሐምዱሊላህ። በሉ የፊት የፊቱን ጫኑ፤ ይሄን አመሻሽ ላይ እናነሳዋለን።»

ድምፃቸው ራቀ። ያኔ ነው የጮህኩት፤ ያውም ጩኸት ከተባለ። ወዲያው ማሽኑ ተነሳ። የመፈልፈያ ሞተር ሥራ ላይ እያለ ሰው ጆሮ ላይ ካልጮኹ አይሰማም። መጋዘኑ በሙሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሲንቀጠቀጥ ከጀርባዬ ሽርሽር የሚል ድምፅ መጣ። የጆንያው አጥር ተላቅቆ ኖሮ ጀንፈሉ በክፍተቱ ይፈስ ጀመር። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴን ሸፈነው። እንደ ውሃ ቀዝቃዛ አይደለም፤ ሞቅ ያለ፣ የሚኮሰኩስ፣ የፀሐይ ሽታ ያለው ነው።

«አስቴር» አሉ ጋሽ ኃይሌ። ነቅተዋል። «ተጎዳሽ?»

«አልተጎዳሁም። እርስዎስ?»

«እግሬ አለ ይላሉ፤ እኔ አላገኘሁትም።» ፊታቸውን ወደ ጆንያው አዞሩ። «ጠሩን እንዴ? ሰው አልጠራም?»

«አልጠሩም» አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። በሕይወቴ ቶሎ ብዬ ጥርት አድርጌ የመለስኩት የመጀመሪያው መልስ እሱ ነበር፤ ውሸት ነበር።

ጆንያዎቹን ልጎትት ሞከርኩ። አንዱን ስነካ ሌላው ይንሸራተታል፣ ጋሽ ኃይሌም ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። «ተዪው፣ ተዪው» አሉኝ። ቆርቆሮውን በመዳፌ ደበደብኩት፤ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ የእኔ ጆሮ እንኳ አልሰማውም። ሴቶቹ ከምሳ ሲመለሱ አለመኖሬን ያዩ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። በኋላ እንደሰማሁት አይተዋል፤ «ሙሽሪት አሟት ሄዳ ይሆናል» ተባብለዋል። የምትጫወት ሴት ብትጎድል ረድፉ ዝም ይላል። እኔ ስጎድል ግን ምን ይለወጣል?

ጀንፈሉ ጉልበቴ ደረሰ። የታችኛው ረድፍ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ጠፉ። እግሬን ልነቅል ስል እምቢ አለኝ፤ ያኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ስሚኝ» አሉ ጋሽ ኃይሌ። «ዝም ብለሽ አትቁሚ። አንዱን እግር ንቀይ፣ ከላይ ርገጪ። ሌላውን ንቀይ፣ ርገጪ። የመጣውን ከሥርሽ አድርጊው። እንደ መርጃን።»

«እንደ ምን?»

«መርጃን አታውቂም? ከባሕር የሚወጣው፣ እስላም ሴቶች አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት ቀይ ጨሌ።»

«አውቃለሁ።»

«የእሱ ዘመድ ኪሴ ውስጥ ናት። ያቺ ሚስቴ የምትሏት።» ኮታቸው ውስጥ እጃቸውን አስገብተው አወጧት። «ያዢ። እያየሻት ሳይሆን እየዳሰስሻት እርገጪ።»

ዳሰስኳት። ድንጋይዋ ሙሉ በሙሉ በትናንሽ ጉድጓዶች ተሞልታለች፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ኮከብ የተዘረጉ ቀጫጭን ግድግዳዎች አሉ። እረግጣለሁ፣ እነቅላለሁ። እሳቸው በአንድ እጃቸው ከደረታቸው ላይ ጀንፈል እየጠረጉ ያወራሉ። ሞተሩ ስለሚጮህ ጎንበስ ብዬ ነበር የምሰማቸው።

«አፋር ውስጥ ከጨው ሜዳው ዳር ነጭ ገደል አለ። ከሩቅ ስታዪው ደረጃ ይመስላል። ድንጋዩን የሚያጠናው ኢንጂነር እዚያ ላይ አቆመኝና ‹ኃይሌ፣ የቆምከው ባሕር ውስጥ ነው› አለኝ። ዙሪያዬን ባይ ሣር እንኳ የለም። ፀሐይ መትቶታል ብዬ ውሃ ሰጠሁት።»

ሳቅሁ። እዚያ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ።

«ጠጣና ሳቀብኝ። ለካ ገደሉን የሠራችው ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነፍስ ያላት ነገር ናት። ባሕር ውስጥ የድንጋይ ቤት ትሠራለች። ስትሞት ቤቷ ይቀራል፣ ልጇ በዚያ ላይ ሌላ ትሠራለች። ይቺ ነፍስ ብርሃን ትወዳለች፤ ከብርሃን ከራቀች ትሞታለች። ከውሃም ከወጣች ትሞታለች። የምትኖረው ከሁለቱ መሀል ነው፤ ከውሃው ፊት ትንሽ ዝቅ ብላ። አየሽ ጣጣዋን?»

«አየሁ።»

«ባሕር ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ቀስ ብሎ ከፍ ሲል እነሱም አጥንት በአጥንት ላይ እየደረደሩ ይከተሉታል። ከቸኮለ ግን ጥሏቸው ይሄዳል፤ ታች ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ርገጪ እንጂ!»

ረገጥሁ። «ባሕሩን ምን ያስነሳዋል?»

«በረዶ። በዓለም ጫፍ አገር የሚያህል በረዶ አለ አሉ። ዓለም ሲበርዳት ውሃው እዚያ ሄዶ በረዶ ይሆናል፣ ባሕር ይጎድላል። ሲሞቃት ይቀልጣል፣ ባሕር ይሞላል። እንደ ትንፋሽ ነው፤ ግን አንዷ ትንፋሽ ስንት ሺህ ዓመት!»

«የኖኅ ውሃ ነው?»

«እኔም ይህንኑ ነው የጠየቅሁት። ‹ኃይሌ፣ ይሄ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም› አለኝ። ቄሱን ልጠይቅ አስቤ ተውኩት፤ ንስሐ ያበዛብኛል።»

የመካከለኛው ረድፍ ቀዳዳዎች መጥፋት ጀመሩ። እኔ ግን ከፍ ብያለሁ፤ ያ ረድፍ አሁን ጉልበቴ ጋ ነው። ጋሽ ኃይሌ ባሉበት ናቸው። ጀንፈሉ ብብታቸው ደርሷል። ሰፌዴን ፈልጌ አወጣሁና ከደረታቸው ላይ እየዛቅሁ ወደ ኋላዬ መድፋት ጀመርኩ። አንድ ሰፌድ ሳወጣ አንድ ተኩል ይመጣል። ዛቅሁ፣ ዛቅሁ፤ ክንዴ ዛለ።

«ያ ገደል ለምን ደረጃ እንደሆነ አልጨረስኩልሽም» አሉ፣ ድምፃቸው እየቀጠነ። «አንድ ጊዜ ባሕሩ ጎደለ። ሩቅ ሄደ። እነዚያ ሁሉ ፀሐይ ላይ ደርቀው አለቁ። ብዙ ዘመን ነጭ ሆነው ቆሙ። ባሕሩ ሲመለስ አዲሶቹ ያንኑ የሞተውን መሠረት አድርገው ጀመሩ። በመጨረሻ መሬቱ ራሱ ተነስቶ በሩን ዘጋበት፤ ያ ባሕር ከትልቁ ተቆርጦ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማን ይጥራው? ቀስ ብሎ ደረቀ። ጨው ሆነ።»

ከዚያ ወዲህ ማን ይጥራው። ይህንን ሲሉ ልነግራቸው ነበር። ጠርተውን ነበር ጋሽ ኃይሌ፣ ልላቸው ነበር። አፌን ከፈትኩ። ግን ፊታቸው ላይ አንዲት የብርሃን ክር አርፋ ነበርና ዓይናቸውን አየሁት። አልቻልኩም።

ጀንፈሉ አገጫቸው ሲደርስ «መዛቁን ተዪ» አሉ። «ሰፌድሽን ፊቴ ላይ ድፊልኝ። ጠርዙን ቆርቆሮው ላይ አስደግፊው። ሥሩ የምተነፍስበት ይኖረኛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንቺ ትወጫለሽ። ከላይ፣ ጣሪያው አጠገብ፣ ቆርቆሮው ላይ ጭነት የለም፤ ቢመቱት ይጮኻል። ሚስቴ ጠንካራ ናት፤ በእሷ ምቺው። ሞተሩ አንድ ጊዜ መቆሙ አይቀርም።»

ሰፌዱን ደፋሁላቸው። ከሥሩ እጃቸውን አውጥተው የእግሬን ጣት ነካ አደረጉ። «ከበድሽ እንዴ? ምሳሽን እንኳ ሳትጨርሺ!» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም፤ በየትንሹ ጎንበስ ብዬ የሰፌዱን ጠርዝ አንኳኳለሁ፣ እሳቸውም ከሥር ሁለት ጊዜ ይመልሳሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ርዝመቱን አላውቅም። እረግጣለሁ፣ እነቅላለሁ። አንኳኳለሁ፣ እጠብቃለሁ። ከላይ የጆንያው ጣሪያ፣ ከሥር ጀንፈሉ፣ መሀሉ እየጠበበ ሄደ። ቁጭ ብዬ፣ ኋላም በግንባሬ ተኝቼ ነበር። የቀረኝ ብርሃን የላይኛው ረድፍ ብቻ ነበር፤ አፌን ቀዳዳ ላይ አድርጌ የውጭውን አየር ሳብኩ። በዚያች ቀዳዳ መንገዱ ይታየኛል። አንዲት ሴትዮ ሙዝ ተሸክማ ስታልፍ አየኋት። ቆም አለችና ተረከዟን አከከች። ሄደች። ከአሥር እርምጃ አትርቅም ነበር።

ከዚያ ሞተሩ ተንተባተበና ቆመ። ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ ኖሯል።

በድንጋይዋ ቆርቆሮውን መታሁት። መታሁት፣ መታሁት። ከድንጋይዋ ጫፍ ፍርፋሪ ፊቴ ላይ ይረግፋል። ውስጥ ሩጫ ሰማሁ።

«ሰው አለ! ያ ረቢ፣ ሰው አለ!» ጀማል ነው። «ኑ፣ ኑ፣ ጆንያውን ሳቡ!»

የመጀመሪያውን ጆንያ ከሥር ሲስቡት ተሰማኝ። ሁሉም ነገር ከሥሬ ወደ ጋሽ ኃይሌ በኩል ተንሸራተተ። የሰፌዱን ጠርዝ አንኳኳሁ። አንድ ጊዜ ብቻ መለሱ።

ማንኳኳት አይበቃም ነበር። ማንኳኳት ሰው እንዳለ ይናገራል እንጂ ከየት ሳቡ አይልም። ሁለተኛውን ጆንያ ሊስቡ «ሆ!» ሲሉ ሰማሁ። እናም ከውስጤ የማላውቀው ድምፅ ወጣ።

«ከሥር አትሳቡ! ከላይ! ኦሊራ! ኦሊራ! ሥር ሰው አለ! ጋሽ ኃይሌ ከሥር ናቸው! ጀማል፣ ከሥር ከነካህ ትገድላቸዋለህ!»

መሳቡን አቆሙ። ከዚያ የእትዬ ብርቄን ድምፅ ሰማሁ።

«ይቺ ደግሞ ማናት? ድምፁ የማን ነው?»

«አስቴር ነኝ!»

«አስቴር የቷ?»

«ሙሽሪት!» ብዬ ጮህኩ። «ሙሽሪት ነኝ!»

ከላይ አወረዱ። አንድ በአንድ፣ ወደ ጣሪያው በመሰላል ወጥተው። ሲያወጡኝ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ቀሚሴ ተቀዶ ጭኔ ታይቶ ነበር፤ እትዬ ብርቄ ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለችኝና እያለቀሰች ደረቷ ላይ ያዘችኝ። ከወንድ ጋር እዚያ ምን ታደርጊ ነበር ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ።

ጋሽ ኃይሌን ከሰፌዱ ሥር አወጧቸው። ይተነፍሱ ነበር። ቡናውን አራግፈው በዚያው የጭነት መኪና ጅማ ወሰዷቸው።

ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎታል። አሁን ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ነው የምኖረው፤ እዚያው ሌላ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። እዚያ አንድ ልማድ አስገብቻለሁ። አንድ ጆንያ ከመነካቱ በፊት በሩ ላይ ቆሜ የለቃሚዎቹን ስም አንድ በአንድ እጠራለሁ፣ እያንዳንዷ «አቤት» እስክትል ጫኝ አይንቀሳቀስም። አዲስ የሚገቡ ልጆች ይስቁብኛል፣ «መምህርት» ይሉኛል። አንዳንዷ መሬት እያየች በሹክሹክታ ትመልሳለች። እሷን ሁለተኛ እጠራታለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት ከእናንተም መካከል እንደ እኔ ያለ ይኖራል። ማፈር ጨዋነት ነው ብለው አሳድገውኛል፤ ለብዙ ነገርም ጨዋነት ነው። እኔን ግን ሰው ሲጠራኝ ዝም አሰኝቶኛል። ስለ ባሕሩ ብዙ አስባለሁ። ብርሃን ለማየት የወጣሁበትን ሁሉ የረገጥኩት በአንድ ሰው ላይ ቆሜ ነው። ጋሽ ኃይሌ እዚያ ሥር የገቡት ለእኔ ሲሉ ነበር፤ ሥር የቆዩት ደግሞ በእኔ ዝምታ ነበር። ጀማል ሲጠራ መልሼ ቢሆን ኖሮ ቶሎ በወጡ ነበር። እግራቸውን የጎዳው የሰዓቱ ርዝመት መሆኑን የወንድማቸው ልጅ ነግሮኛል፤ እኔ ምን እንዳደረግሁ ሳያውቅ።

ጋሽ ኃይሌ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ቆይተው አረፉ። በስድስተኛው ቀን ከእትዬ ብርቄ ጋር ሄድኩ። ክፍሉ በሕመምተኛና በጠያቂ ተሞልቷል። ፊታቸው አብጦ ነበር፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ድንጋይዋን ልመልስላቸው አወጣኋት፤ ጫፏ ተሸርፏል። ዳሰሷትና መልሰው መዳፌ ውስጥ አስቀመጧት። እትዬ ብርቄ ውሃ ልታመጣ ወጣች። ሌላ ጊዜ እንደማላገኝ ገባኝ። አልጋው ላይ ጎንበስ አልኩ። አጠገባችን ያለችው ጠያቂ ጠጋ ብላ ታየን ነበር፤ ከወዲያ ያለውም ሰውዬ ዞሯል። ምራቄ ደረቀ። ቢሆንም አልኩት፤ ለራሴ በማይሰማ ድምፅ፣ «ጠርተውን ነበር። እኔ ነኝ ዝም ያልኩት» አልኳቸው።

ረዥም ጊዜ አዩኝ። ሰምተውኝ ይሁን ሳይሰሙኝ ዛሬም አላውቅም። በሩ ላይ እንደሚያደርጉት፣ ምልክቱን አድርገው ከጨረሱ በኋላ እንደሚያደርጉት፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

«አልሰማሁሽም» አሉኝ። «ጮክ በይ።»